ሚስ ኤርዲንና የአሥር ሰዓቱ ጀልባ

ሚስ ኤርዲን ዳውንስ የተወለደችው ትንሿ ኮርን ደሴት ላይ ነው፤ ያገባችው ደግሞ እዚህ፣ ትልቁ ኮርን ላይ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደቡ በር ላይ ተቀምጣ ለተሳፋሪ የሻንጣ መሸፈኛ ጥቁር ላስቲክ ትሸጣለች። ላስቲኩ በገንዘብ ነው፣ ምክሩ በነጻ። ከኒካራጓ ዋናው ምድር የመጣ ሰው ስለ ሁለቱ ደሴቶች የማያውቀውን ሁሉ የሚጠይቀው እሷን ነው። ጀልባው ረፋድ አራት ሰዓት አንዴ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አንዴ ይነሳል። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ትንሿ ደሴት ላይ መኪና የለም፣ ባንክም የለም፤ ዕቃ የሚጓዘው በእጅ ጋሪ ነው። ከፊት የተቀመጠ ወገቡ ይቀጠቀጣል፣ ከኋላ የተቀመጠ ይረጥባል። ይህን ስትናገር አታመነታም። እኛ የደሴቱ ሰዎች እንኳ ነፋስ ሲበረታ የወደቡን ሹም ትተን የእሷን ፊት እናይ ነበር።

የጥር ነፋስ በከፋበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ የረፋዱ ጉዞ ተሰረዘ። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ጋብ ሲል ሹሙ ለአሥር ሰዓቱ ጀልባ ፈቃድ ሰጠ። ያኔ ነው ታሊሻ የምትባል ከብሉፊልድስ የመጣች ወጣት፣ የሁለት ወር ሴት ልጇን ታቅፋ ኤርዲን ፊት የቆመችው። ባሏ መርከበኛ ነው፤ ሕፃኗን ለባሏ እናት ልታሳይ ወደ ትንሿ ደሴት መሄዷ ነበር። ክፍት ባሕር ላይ ወጥታ አታውቅም። ሐኪም አለ ወይ፣ መብራት አለ ወይ፣ የአማቷ ቤት ከወደቡ ይርቃል ወይ እያለች ጠየቀች። ኤርዲን አንድ በአንድ መለሰችላት፤ ጤና ጣቢያም መብራትም አለ፣ ደሴቷን ከጫፍ ጫፍ በእግር ብትሄጃት አንድ ሰዓት አትፈጅም አለቻት።

ልጅቱ በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ቢሆኑ ዛሬ ይሄዱ ነበር?» አለች።

ኤርዲን ባሕሩን አየች። አረፋው ቀንሷል፤ የሰሜኑ ሰማይ ግን አላማራትም። ይህን ኋላ ለእኔ ነው የነገረችኝ። ነገ ከዛሬ የባሰ እንደሚሆን ገምታ ለልጅቱ፣ «ሂጂ ልጄ፤ ግማሽ ሰዓት ነው። ከኋላ ተቀመጪ፣ ሕፃኗን ብዙ አይንጣትም» አለቻት። አንድ ላስቲክ ቀድዳ ትከሻዋ ላይ ደረበችላት። ጀልባዋ አሥራ አራት ሰው ይዛ ተነሳች፤ ካፒቴኑ ዌንዴል ኩዊን ነበር።

ኤርዲን ጀልባ በሄደ በአርባ ደቂቃው ትንሿ ደሴት ወደብ ላይ ወደምትሠራው የአጎቷ ልጅ ትደውላለች። «ደረሱ» የሚለውን ሳትሰማ ቤቷ አትገባም። ያን ቀን ስትደውል፣ ገና ናቸው አለቻት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግማ ደወለች። አሁንም ገና። ነፋሱ ተመልሶ መጥቶ ላስቲኮቿን ከእጇ ይነጥቃታል። የዌንዴል ስልክ አይነሳም። ሹሙ በሬዲዮ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ የፍለጋ ጀልባ አስላከ።

ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ወደ ሰሜን ምሥራቅ አፍጥጧል፤ ብርሃኑ ግን እየሸሸ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት አሣ ሻጩ ኦስበርት ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ ነሽ አሉ ያቺን አራስ ያሳፈርሻት» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ምነው አንዳንዴ እንኳ አፍሽን ብትይዢው!»

አጠገቧ ነበርኩ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የምትጸልይ መስሎኝ ጆሮዬን ሰጠሁ። «ግማሽ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት» ነበር የምትለው።

ጨለማው ሲይዝ አንድ የታክሲ ሹፌር ከደሴታችን ሰሜን ዳርቻ እየከነፈ መጣ። ጀልባዋ እዚያ አሸዋ ላይ ወጥታለች አለ። እኛ ሩቁን ስናይ ለካ እነሱ ከኮረብታው ማዶ፣ እዚሁ ደሴታችን ላይ ኖረዋል። መሃል መንገድ ላይ ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ቆመ። ዌንዴል በመቅዘፊያ እየመራ፣ ማዕበሉ ወደመጡበት እንዲመልሳቸው አደረገ። አንድ ሰው ክንዱ ተሰብሯል እንጂ ሁሉም ተርፈዋል።

ኤርዲን በዚያው ታክሲ ሄደች። ታሊሻን ባሕሩ ዳር ካለ ቤት በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ አገኘቻት። የሕፃኗ ድምፅ ከለቅሶ ብዛት ጎርንኗል። ውሃው የገባው በኋላ በኩል ነው፤ እናቲቱ እስከ ወገቧ ረጥባ ሕፃኗን ከራሷ በላይ ይዛ ነበር። ዌንዴል ደግሞ፣ እጄ በሚደርስበት ቦታ ከኋላ ባትቀመጥ ኖሮ ያ ትልቁ ማዕበል ሲመታን ልብሷን ይዤ አላስቀራትም ነበር ይላል። ምክሩ ጎዳት ወይስ አዳናት፣ እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን።

ታሊሻ ቀና ብላ አየቻት። «ግማሽ ሰዓት ነው ብለውኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር» አለች ኤርዲን።

ልጅቱም፣ «እጄ ዝሏል፤ እንዳልጥላት ፈራሁ። ይያዙልኝ» ብላ ሕፃኗን ሰጠቻት።

በነፋሱ የተዘጋው ወደብ እስኪከፈት እናትና ልጅ አራት ቀን ኤርዲን ቤት ተቀመጡ። ሕፃኗን ሳል ይዟት ስለነበር ኤርዲን እንቅልፍ አልነበራትም፤ በየሰዓቱ እየተነሳች ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር። ለእናቲቱ በኮኮናት ወተት አሣና ካሳቫ እየቀቀለች አበላቻት። ሰኞ ባሕሩ ጸጥ ሲል ታሊሻ ልሂድ ወይ ብላ እንደገና ጠየቀቻት። ኤርዲን፣ «እኔን አትጠይቂኝ፣ ዌንዴልን ጠይቂ» አለቻት። ዌንዴል እንሄዳለን አለ፤ ታሊሻም ሄደች፣ መሃል ላይ ተቀምጣ። ኤርዲን የዚያን ዕለት ላስቲኳን ሳትሸጥ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። የአጎቷ ልጅ «ደረሱ» ልትላት ሦስት ጊዜ ደውላ ነው ያነሳችላት።

ዛሬም ወደቡ በር ላይ አለች። የጀልባውን ሰዓት ትናገራለች፣ ባንክ እንደሌለ ታስጠነቅቃለች። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ያላትን ግን ወደ ካፒቴኑ ትልከዋለች። አንዳንዱ ኮራች ብሎ ይቀየማታል። መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል ሲሏትም፣ «ባሕሩ ደግ ከሆነ» ብላ ትጀምራለች።