እጀታው ከታች ክፍት ነው

ሱቁን ከፍቶ ኮቱን ሚስማር ላይ እንደሰቀለ የመጀመሪያ ሥራው ውሃ መቅዳት ነው። ትናንት የጨረሳቸውን ማንቆርቆሪያዎች አንድ በአንድ ይሞላል፤ ከእያንዳንዱ ጥቂት ወደ ባልዲው ያንቆረቁርና ቀና ያደርገዋል፤ ከዚያ ደረቅ ጣቱን ውሃ በሚወርድበት ጡቱ ሥር ያሳልፋል። ጣቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ማንቆርቆሪያው በር ላይ ይሰቀላል። ከረጠበ ወደ መዶሻው ይመለሳል።

የጡቱን ከንፈር ወደ ታች ቆልመም አድርጎ ጠርዙን በሞረድ የሚያሳሳው በዚያ መንደር እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የእሱ ዕቃ ውሃው ሲቆም እንደተቆረጠ ክር ነው የሚቆመው። ሾልኮ ሆዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ የለም። ገበያተኛው ማንቆርቆሪያውን "ጠብ አይል" ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ውሎ አድሮ ከዕቃው ወደ ሰውየው ተሻገረ።

"ምርቃት መስሎህ ደስ ይልሃል" ይለዋል ግድግዳ የሚጋራው ጫማ ሰፊ፣ በአፉ ክር እንደያዘ። "ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ውሎ ጠብ የሚል ነገር የለውም ማለታቸው እኮ ነው።"

"ያንተ ስፌት ደህና ቢሆን ሰው ዝናብ ሲመጣ ጫማውን ብብቱ ውስጥ ይዞ አይሮጥም ነበር" ይመልሳል ቆርቆሮ ሠሪው። በዚህ ጨዋታ አርጅተዋል። አዲስ ቀልድ ያመጣ የለም፤ አንዱ ያኮረፈበት ጊዜ ግን ነበር፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ሱቁ ጠባብ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ጎን በሽቦ ቀለበት የተንጠለጠሉ የካርቶን ልኮች፦ የሆድ፣ የታች፣ የጡት፣ የክዳን፣ የእጀታ። ቆርቆሮውን የሚቆርጠው በእነዚህ ልክ ነው። ከቀለበቱ ውጪ የተቀመጠ አንድ ልክ ነበር። የመቀስና የሚስማር ሣጥን ሥር ተዘርግቶ ዓመታት አሳልፏል። የእትዬ እጀታ ልክ ነው።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ እሷም ብትሆን ልጅ ነበረች፤ ግን ያሳደገችው እሷ ናት። አንድ ቀን የፈላ ውሃ ድስት በጨርቅ ይዛ ስታወርድ ጨርቁ አዳለጣት፤ ውሃው ቀኝ እጇን ላጠው። እጁ ሲድን ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ግማሽ እንደተጨበጡ ቀሩ። አይዘረጉም፣ አይጨበጡም። ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ ድረስ ቆዳዋ እንደ ተኮማተረ ወረቀት ሆነ፤ የትንሿ ጣቷ ጥፍር ተመልሶ አልበቀለም። ሰው ሲመጣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቃለች። ግራ እጇን ለሁሉም ነገር አሠለጠነችው፤ ለሰላምታም ጭምር።

እሱ አድጎ ሙያ ሲይዝ የመጀመሪያ ሐሳቡ ይህ እጅ ነበር። ተራ እጀታ ላይና ታች ከሆዱ ጋር ይበየዳል፤ በመሃሉ ጣት ይገባል። የእትዬ ጣቶች ግን ስለማይዘረጉ በዚያ ቀዳዳ አያልፉም። ቀዳዳውን ቢያሰፋው ዕቃው ይወዛወዝባታል። ብዙ ቆርቆሮ አበላሸ። አንድ ቀን እሷ ዘንድ ተቀምጦ ሳለ፣ ባልዲ ስታነሳ እጇን እንደ መንጠቆ ከሥር ወደ ላይ ስታስገባ አየ። ለካ ያ እጅ መያዝ ነው እንጂ ያቃተው ማንጠልጠልስ ይችላል።

እጀታውን ከታች ከፈተው። ከላይ ብቻ ተይዞ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሰፊ፣ ጫፉ እንደ ድመት ጭራ ወደ ውስጥ የታጠፈ እጀታ ሠራ። እጅ ከሥር ይገባል፤ ክብደቱ አመልካች ጣት ላይ ያርፋል፤ ጭራው ትንሿን ጣት ደግፎ ዕቃውን ያዘነብላል። በአንድ ቦታ ብቻ የተበየደ እጀታ ሙሉ ውሃ አይችልምና የእጀታውን ቆርቆሮ በሁለት ክንፍ ከፍሎ በአንገቱ ዙሪያ እንደ ቀበቶ አዞረው። የሚገርመው፣ ሲያልቅ ያማረ ሆነ። ጎደሎ የሚመስል ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም አጠገቡ የተቀመጠው ተራ ማንቆርቆሪያ ትርፍ ነገር የተለጠፈበት መሰለ።

እትዬ ሞላችው፣ አነሳችው፣ ቀዳች። ከዚያ እሱ የጠበቀውን ምርቃት ትታ ሌላ ነገር ተናገረች።

"ማሙሽ፣ ይሄን ለሌላ ሰው እንዳትሠራ።"

"ለምን?"

"ያየ ሁሉ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይጠይቅሃል። አንተ ደግሞ መዋሸት አትችልም። እጄን ገበያ አታውጣው።"

"እሺ እትዬ" አለ። ልኩን ሣጥን ሥር የከተተው በዚያን ዕለት ነው።

ቃሉ ቀላል አልነበረም። ከእጁ ከወጣው ሁሉ የሚበልጠው ያ ዕቃ መሆኑን ያውቃል፤ በር ላይ የሚሰቅለው ሌላውን ነው። ጫማ ሰፊው ያኮረፈውም በዚህ ነበር። እትዬ ማንቆርቆሪያዋን ለጥገና የላከችበት ሰሞን አይቶት፣ ለእናቱ አንድ እንዲሠራለት ለመነው። እናቱ መገጣጠሚያዋ አብጦ ኩባያ እንኳ በሁለት እጅ ነበር የምታነሳው።

"ይሄ አይሸጥም" አለው ቆርቆሮ ሠሪው።

"በነፃ ስጠኝ አልኩህ?"

"አልሠራውም ማለቴ ነው።"

"ለእናቴ?"

"ለማንም።"

ምክንያቱን ቢናገር የእትዬን እጅ መናገር ይሆናል። ወደ መዶሻው ተመለሰ። ጫማ ሰፊው ክረምቱን ሙሉ ግድግዳውን ሲደበድብ ከረመ እንጂ አንድ ቀልድ አልወረወረለትም። በኋላ ታረቁ፤ ነገሩ ግን በመካከላቸው እንደ ጠጠር ቀረ።

በቅርቡ አንድ ጠዋት፣ ቆርቆሮ ሠሪው ጣቱን በጡት ሥር እያሳለፈ ሳለ፣ ጫማ ሰፊው ካርቶን ታቅፎ ገባ።

"ጠብ አይል! አንተ የከለከልከኝን ፋብሪካ ሰጠኝ።"

ከካርቶኑ ውስጥ ሰማያዊ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አወጣ። እጀታው ከላይ ብቻ ተይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በአንገቱ ዙሪያ እንደ ቀበቶ የሚዞር መስመር አለ። ፕላስቲክ በአንድ ቅርጽ ስለሚፈስ ቀበቶ አያስፈልገውም፤ ቀበቶው ለቆርቆሮ ነው። ያም ሆኖ ቀድተውታል።

"ባለ አረንጓዴም፣ ባለ ቀይም አለ" አለ ጫማ ሰፊው። "እናቴ ትናንት ማታ ለመላው ቤተሰብ እሷ ካልቀዳሁ ብላ አስቸገረችን። ምነው፣ ምን ሆንክ?"

"የት ነው የተሠራው?"

"እዚህ ላይ ተጽፏል። ቆይ ላንብብልህ።" መነጽሩን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ። "'እናቴ በልጅነቷ እጇን ተጎዳች። በሕይወቷ ማንቆርቆሪያ አንስታ አታውቅም ነበር። ለእሷ ብዬ ይህን ፈጠርኩ።' ይገርማል እኮ። እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ! እኔ ለእናቴ የገዛሁላት ከእሱ ነው፤ እሱ ግን ፈጠረላት።"

ከጽሑፉ በላይ ፎቶ ነበር። ሰማያዊው እጀታ ውስጥ የገባ ቀኝ እጅ። ፊት የለም፣ እጅ ብቻ። ቆርቆሮ ሠሪው ካርቶኑን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው የተኮማተረው ቆዳ በቅባት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ትንሿ ጣት ጥፍር የላትም።

ፎቶውን ባያይ ኖሮ የእህቱ ልጅ ሰርቆ ነው ይል ነበር። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር የፕላስቲክ ፋብሪካ መክፈቱን ያውቃል፤ እናቱ ዘንድ ይገባል፣ ይወጣል፤ አንድ ዕቃ አንስቶ መሄድ አያቅተውም። እጅ ግን ተሰርቆ ፎቶ አይነሳም።

እትዬ በሩን የከፈተችለት በግራ እጇ ነው።

"ማሙሽ! በደህና? ሰው በሥራ ቀን ይመጣል? ግባ።"

ውሃ ልትሰጠው ተነሳች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀዩ ፕላስቲክ ነበር። በቀኝ እጇ ሞከረች፤ አልገባላትም፤ በግራዋ አንስታ በቀኟ ክንድ ደግፋ ቀዳች። ጥቂት ውሃ በጡቱ ሥር ሾልኮ የጠረጴዛውን ልብስ አረጠበ። ፋብሪካው ከፎቶው በኋላ ፕላስቲክ ለመቆጠብ ክፍተቱን አጥብቦታል፤ የጡቱን ከንፈር ከነጭራሹ ትቶታል።

"የእኔ የት ሄደ?" አላት።

ቁጭ አለች። "ፋብሪካ ወሰዱት። ውፍረቱን ለማየት ብለው ለሁለት ሰነጠቁት መሰለኝ። ልጄ እመልሰዋለሁ ብሎኝ ነበር።"

"እጄን ገበያ አታውጣው ያልሺኝ አንቺ አይደለሽም?"

"ብያለሁ።"

"ካርቶኑ ላይ ያለው የማን እጅ ነው?"

"ያኔ አፍር ነበራ!" አለች። "ባል ያላገባሁ፣ ሰው የሚያማኝ…"

"ማፈር መቼ ተውሽ?"

"ልጄ ሲጠይቀኝ።" ነጠላዋን ጎተተች። "ሥራው ሊዘጋበት ነበር፣ ማሙሽ። እማዬ፣ ይሄ ዕቃሽ ያወጣኛል አለኝ። እናት ምን ትላለች?"

"የጎረቤቴን እናት ከልክያታለሁ፣ እትዬ። በአንቺ ቃል። መገጣጠሚያዋ አብጦ እያየሁ። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? አንድ ቀን፣ ማሙሽ ቃሌን ትቼዋለሁ፣ ብትዪኝ?"

"አንተም እኮ ዳግም አልጠየቅከኝም። እሺ አልክ፣ ተውከው።"

ኩባያውን ሳይጠጣ አስቀመጠው።

"ስምህን ይጻፉ ብዬዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "እናቴ ሲባል ይገዛሉ፣ የእናቴ ወንድም ሲባል ማን ይገዛል አለኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"አጎትህ ነው፣ አይቀየምም አልኩት።" ቀና ብላ አየችው። "ባዳ ብትሆን እኮ እፈራህ ነበር። ወንድሜ ስለሆንክ ነው። አሁን በእኔና ባንተ መሃል ጠብ ይግባ?"

"ጠብማ የለም" አለና ተነሳ።

እስከ በሩ ሸኘችው። ደጃፉ ላይ ክንዱን ያዘችው።

"ማሙሽ፣ ይሄ ፕላስቲክ እጄን አያስገባኝም። እንደ ድሮው አንድ ትሠራልኛለህ?"

ራሱን ነቀነቀ። አዎ ማለቱ ይሁን አይ ማለቱ ለእሷ አልገባትም፤ እሱ ግን እግረ መንገዱን ቆርቆሮ ገዝቶ ገባ።

ልኩን ከሣጥኑ ሥር አወጣው። ካርቶኑ ጠርዙ ተበልቷል፤ መስመሩ ግን አለ። ሁለት ቆረጠ። ለሁለቱም ቀበቶውን አዞረ፣ ጭራውን አጠፈ፣ የጡቱን ከንፈር ቆለመመ፣ ሞላ፣ አንቆረቆረ፣ ጣቱን አሳለፈ። ደረቅ ነበር። ልኩንም ከሌሎቹ ጋር ሽቦው ላይ አንጠለጠለው።

አንደኛውን በር ላይ ሰቀለ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት አውርዳ አገላበጠችው፣ እጇን ከሥር አስገብታ ሞከረችው።

"ጎበዝ ነህ ጋሼ" አለችው። "ቁርጥ የፋብሪካውን አስመስለሃል።"

ጫማ ሰፊው ከሱቁ ሆኖ ሰማ። መዶሻው ቆመ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ መጥቶ መቃኑ ላይ ተደገፈና ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ሁለተኛውን ማንቆርቆሪያ፣ ከዚያም ሽቦው ላይ ያለውን የተበላ ካርቶን አየ። ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው፤ ከፋብሪካው በፊት የነበረ ነው። ቀልድ ይወረውራል ተብሎ ሲጠበቅ፣

"ይሄኛው የማነው?" አለ።

"የእህቴ። ነገ ወደዚያ ሠፈር ትሄዳለህ አይደል? አድርስልኝ።"

"ራስህ ብትወስድላት አይሻልም? እህትህ ናት።"

"ሥራ አለብኝ" አለ ቆርቆሮ ሠሪው፤ በጋዜጣ ጠቅልሎም ሰጠው።

በማግስቱ ማንቆርቆሪያውን ለእትዬ ያደረሰላት ጫማ ሰፊው ነው።