ኮንቴይነር ውስጥ የቀረ ስም

ስልኬ ላይ የዕቃ ወዳጆች የተሰባሰብንበት አንድ ግሩፕ አለ። ዕቃ ስል ሳህንና ብርጭቆ እንዳይመስላችሁ፤ መሰርሰሪያ፣ ሞርሳ፣ አምፕሊፋየር፣ ስፒከር ማለቴ ነው። አንዱ አዲስ ነገር ሲገዛ ካርቶኑ ሳይቀር ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፤ ሌላው «ይመረቅልህ» ይላል፤ ሦስተኛው «ከየት አገኘኸው?» እያለ ይነዘንዛል። ባለቤቴ «እናንተ እኮ ሱቅ ሳትሄዱ ሱቅ ውላችሁ ታመሻላችሁ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በብርድ ተኮማትራ፣ እኔም ብርድ ልብሴን እንደተከናነብኩ ስልኬን ስከፍት፣ አንድ የለሚ ከተማ ወጣት አዲስ የገዛውን የድምፅ ማጉያ ለጥፏል። አፉ የሰፋ፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ ጥሩምባ ነው። ከሥሩ «ድምፁ ጥሩ መሆኑን በምን ልፈትሸው?» ብሎ ጠይቋል። ሰዉ ሁሉ እንደየዕውቀቱ መልስ ያዘንብለት ጀመር። እኔ ግን ፎቶውን ደግሜ አየሁት። በእንደዚህ ያለ ጥሩምባ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ።

ወጣት ሳለሁ፣ ሞባይል የሚባል ነገር ደብረ ብርሃን ከመድረሱ በፊት፣ ግሩፓችን የጌትነት ኮንቴይነር ነበር። ጌትነት በርና መስኮት የሚበይድ ባልንጀራዬ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ ኮንቴይነር አስቀምጦ፣ ጎኑን ቆርጦ የብረት በር አበጅቶለት ይሠራበት ነበር። ሦስተኛችን ሰኢድ ይባላል፤ አባቱ አልዩ አምባ ላይ ይነግዳሉ፣ እሱ ደግሞ የአባቱን ሸቀጥ ሊያመጣ አዲስ አበባ በወረደ ቁጥር ለራሱ ቴፕ ወይም ስፒከር ሳይዝ አይመለስም። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ሦስታችንም ከደመወዛችን ይልቅ የምናስበው የምንገዛውን ነበር።

አንድ ደንብ ነበረን። አዲስ ነገር የገዛ ሰው ሳያስመርቅ አይጠቀምበትም። እሑድ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ጨርቁ ላይ አዲሱ ዕቃ ብቻ ይቀመጣል። አሮጌ መሣሪያ በዚያ ቀን ኮንቴይነሩ ውስጥ አይታይም። ጌትነት መዶሻውን፣ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን ሁሉ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ከበሩ ውጭ ያስቀምጠዋል። «ዛሬ ሙሽራ ነው የምናየው፤ እነዚህ ዝገታሞች ደጅ ይጠብቁ» ይል ነበር። ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ አንድም ለብርዱ፣ አንድም ለሰው ዓይን። አሁን ሳስበው የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ያኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም ነበር።

የምነግራችሁ እሑድ የጥቅምት እሑድ ነው። ሜዳው በገብስ ቢጫ ሆኖ፣ ንፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። በዚያ ቀን እኔ ከዕቃም በላይ የሆነ ጉዳይ ነበረኝ።

ከሰናይት ጋር እንዋደድ ነበር፤ የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት። በመምህርነት ተመርቃ ሰላ ድንጋይ ተመድባ፣ በዚያ ከሰዓት በአውቶቡስ ልትሄድ ነበር። አባቷ ቤት ሽማግሌ የላከ ሌላ ሰው አለ። ቄሱ ቁርጥ ያለ መልስ ስለፈለጉ ወንድማቸውን ከእሷ ጋር ልከዋል፤ እሷ ከመሳፈሯ በፊት እሺታዋን ወይም እምቢታዋን ለአጎቷ ትናገራለች፣ እሳቸውም ይዘው በዚያው ወደ አንኮበር ይመለሳሉ። ቀደም ብላ አግኝታኝ እንዲህ አለችኝ፦

«ሽማግሌ እልካለሁ ካልክ መናኸሪያ መጥተህ ለአጎቴ በአፍህ ንገራቸው። እኔ ያን ይዤ እምቢ እላለሁ። ካልመጣህ ግን ይገባኛል፤ አልቀየምህም።»

አልቀየምህም ማለቷ ነው ያስፈራኝ። ቂም የማትይዝ ሴት ከሄደች አትመለስም።

እኔ ወስኛለሁ። ሸሚዜን ተኩሼ ለብሻለሁ። አጎቷ ፊት ብቻዬን መቆም ግን ስለከበደኝ ሰኢድ ሊያጅበኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ እሱን ልወስድ ነው ኮንቴይነሩ ዘንድ ጎራ ያልኩት። ገና ጊዜ ነበረን። ሰኢድ ያንን ግራጫ ጥሩምባ ከነአምፕሊፋየሩ ሊያስመርቅ ይዞ መጥቷል፤ አባቱ ገበያ ላይ ሸቀጣቸውን እንዲያስተዋውቁበት የገዛው ነው፣ በመኪና ባትሪ ይሠራል። ጌትነት ደግሞ አዲስ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያና ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ የበር ቁልፍ ነበረው። ቁልፉን ጠዋት በሩ ላይ ገጥሞታል፤ የውስጡን እጀታ ግን ብሎን ስለጎደለው ለሰኞ አቆይቶታል።

ሰኢድ ከቆላ ያመጣውን ብርቱካን እየላጥን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ በጥሩምባው ካሴት እየሰማን ቆየን። ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ይንኮሻኮሻል፤ እኛ ግን «ጉድ ነው!» እንላለን። በኋላ ተነሣሁ።

«ሰኢድ፣ እንሂድ።»

«ቢስሚላህ፣ ሙሽራው ተነሣ!» አለና ጃኬቱን አነሣ።

በሩን ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። ጌትነት መጥቶ የእጀታውን ቦታ ሲዳብስ ፊቱ ተለወጠ። መክፈቻው ውጭ ቀዳዳው ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፣ ከውስጥ ደግሞ የሚያዝ ነገር የለም።

«ምንም አይደል፤ በመሰርሰሪያው እፈታዋለሁ» አለ ጌትነት፣ እንዲያውም ደስ ብሎት። ዕቃው ገና በተመረቀበት ቀን ሥራ ማግኘቱ ነዋ። ሰካው፣ አንዴ ዥ... አለ፣ መብራት ጠፋ።

ሦስታችንም ጨለማው ውስጥ ቆመን ቀረን። ከኤሌክትሪኩ መሰርሰሪያ በቀር ጠረጴዛው ላይ ብሎን የሚፈታ አንድም ነገር አልነበረም። ካቻቢቴዎቹ ከነፒንሳው ደጅ ነበሩ፣ ጆንያቸው ውስጥ፤ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው የበሩ ላሜራ ብቻ ነው። በሳንቲም ሞከርን፣ በቀበቶ ዘለበት ሞከርን፣ ጥፍራችን ተገነጠለ። ከዚያ ግድግዳውን መደብደብ ጀመርን። ወፍጮ ቤቱ እሑድ ስለሆነ ዝግ ነው። መንገደኛ ግን ነበር፤ አንዲት ሴት ስታልፍ «ይኼ ጌትነት ጭራሽ እሑድንም ሻረው!» ስትል ሰማናት። ከዚያ ኮንቴይነር በየቀኑ የብረት ድብደባ ይወጣ ስለነበር ማን ምን ብሎ ይጠርጥር!

የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበት ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ ነበር። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። የባሕር ዛፍ ግንድና ትንሽ አቧራ ብቻ ይታያል። በዚያች ቀዳዳ ግን የመናኸሪያው ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ረዳቱ «ሰላ ድንጋይ! ሰላ ድንጋይ!» እያለ ይጣራል፣ ሞተሩ ተነሥቷል። የብረቱ ሽታና የብርቱካኑ ልጣጭ ሽታ ተቀላቅሎ አፈነኝ። እስከ ዛሬ ብርቱካን ሲላጥ መስኮት ክፈቱልኝ እላለሁ።

ያኔ ሰኢድ ጥሩምባውን ተሸክሞ አፉን ቀዳዳው ላይ ገጠመው። የአምፕሊፋየሩ መብራት ደክሟል፤ ባትሪውን በካሴት ጨርሰነዋል።

«ወላሂ አንድ ሁለት ቃል ቢያወጣ ነው» አለና ማይኩን ሰጠኝ። «ስሟን ጥራ።»

«ክፈቱልን በል!» አለ ጌትነት። «ስሟ በር ይከፍታል?»

«በሩ ይቆያል። አውቶቡሱ ነው የማይቆየው። ስሟን ጥራና እመጣለሁ በላት፣ በቃ!»

ማይኩን አፌ ላይ አደረግኩ። ሰናይት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን የቄስ ልጅ ናት፤ መናኸሪያ ሙሉ ሰው አለ፤ አጎቷ ከአጠገቧ ቆመዋል። ስሟ እንደ ገበያ ሸቀጥ በጥሩምባ ሲጠራ ታየኝ። ያ የብረት ሳጥን ከዚያ ቅጽበት በላይ ጠቦኝ አያውቅም። እኔን የያዘኝ የጌትነት ቁልፍ ብቻ አልነበረም።

«ሰዎች! ተቆልፎብናል! ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነን፣ ክፈቱልን!» አልኩ።

ስሟን ልጨምር ትንፋሼን ስስብ የአምፕሊፋየሩ መብራት ጠፋ፣ ጥሩምባውም ዝም አለ። ከመናኸሪያው በኩል ሳቅ ተሰማ፤ የብዙ ሰው ሳቅ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ተሸካሚ እየሳቀ መጥቶ ከፈተልን። እየሮጥኩ ስደርስ ግቢው ውስጥ የአውቶቡሱ ጭስ ብቻ ነበር። አጎቷም መልሳቸውን ይዘው ሄደዋል።

በሳምንቱ ሰላ ድንጋይ ድረስ ሄጄ ነበር። በአክብሮት ተቀበለችኝ፣ ሻይ ጋበዘችኝ። ቃሏ ግን አባቷ ጋ ደርሷል፣ አባቷም ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥተዋል። በቄስ ቤት ቃል ከወጣ ወጣ ነው። ተቆልፎብኝ ነበር ብዬ እንዳልነግራት ሰበብ መስሎ ታየኝ፤ ዝም ብዬ ተመለስኩ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አንኮበር ላይ በአንድ ሠርግ አንድ ድንኳን ውስጥ ተገናኘን። እሷም የልጆች እናት፣ እኔም የልጆች አባት ሆነናል። ከጨዋታ ጨዋታ ሲነሣ በመጨረሻ ነገርኳት። ጉርሻ ይዛ የነበረውን እጇን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ያ አንተ ነበርክ?» አለችኝ። «ሰማሁት እኮ። ዓይኔን ከግቢው በር ላይ ሳልነቅል አንተን እየጠበቅኩ፣ ያ ድምፅ ሲመጣ መናኸሪያው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ነው የተሳፈርኩት።»

ሦስት የድምፅ ወዳጆች ቁጭ ብለን «ጉድ ነው!» ያልንለት ጥሩምባ፣ ድምፄን ከማንም በላይ ለምታውቀው ሰው የባዕድ አድርጎ አደረሰላት። ስሟን ብጠራ ኖሮ ድምፄን ባታውቀው እንኳ ስሟን ታውቅ ነበር።

ባለቤቴን እወዳለሁ፤ ኑሮዬም አልከፋኝም። ግን ዛሬም በር ከኋላዬ ሲዘጋ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል፤ ትንሽ ካቻቢቴ አትጠፋውም። ልጆቼ ይስቁብኛል።

እንግዲህ የለሚው ወጣት «በምን ልፈትሸው?» ብሎ ጠይቆ የለ? ሌሎቹ ስለ ዋት፣ ስለ ገመድ፣ ስለ ባትሪ ሲጽፉለት ዋሉ። እኔ ማታ ላይ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ «ይመረቅልህ ወንድሜ። ራቅ ብላ የቆመች የምትወዳት ሰው ካለች በስሟ ጥራበት። ዞር ካለች ጥሩ ነው።»