ፀሐይን ሌባ ያደረገው ስህተት

ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ዓመቴ ነው። ዘግይቼ በመማሬ ይሆን፣ አንዲት ግድፈት ማለፍ አልችልም። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የአማርኛ የስልክ መጻፊያ አለ፤ የቆዩ የስህተት ጥቆማዎችን የማጽዳቱን ሥራ ለእኔ የሰጡኝም ለዚሁ ነው። ደብረ ማርቆስ ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ስወጣ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነባለሁ። ስህተቱ ተስተካክሎ ጠቋሚው ካረጋገጠልኝ እዘጋዋለሁ። ግልጽ ያልሆነ ካለ ጠቋሚውን እጠይቃለሁ፤ ዓመት ሙሉ ዝም ካለ «ምላሽ ስላልተሰጠ ተዘግቷል» ብዬ እዘጋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ያረቀቅሁት ራሴ ነኝ። እኮራበትም ነበር።

አንዱ ጥቆማ የመጣው ዲማ ካሉ አንድ የቅኔ መምህር ነበር። «እንደምን ሰነበታችሁ» ብለው ይጀምራሉ። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ብለው ሲጽፉ መጻፊያው በእሳቱ ሰ እያረመ አስቸግሯቸዋል። የመጀመሪያው በግእዝ ወጣ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ያው ሰረቀ ነው። «ፀሐይ ወጣች ብዬ ብጽፍ ሌባ አደረጋችኋት» ይላሉ።

ሳቅሁ። ከዚያም ለሁሉም የምልከውን ጥያቄ ላክሁላቸው፦ «ስህተቱ እንዲደገም ምን ማድረግ አለብን?» ፕሮግራሙን የሚጠግኑት ልጆች ስህተቱን በራሳቸው ስልክ ካላዩት አይነኩትም።

በሳምንቱ መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኔ የጻፍኩልሽ እንዳይደገም ነው። አንቺ እንዲደገም ለምን ፈለግሽ?»

መልእክቱ ረጅም ነበር፤ ሰላምታ፣ የዝናቡ ወሬ፣ ምርቃት። ጥያቄው አልገባቸውም ብዬ ከላይ ከላይ አየሁትና «መረጃ ይጎድለዋል» የሚል ምልክት ለጠፍሁበት። ያንኑ ጥያቄ ደግሜ ላክሁ። ዝም አሉ። ዓመቱ ሲሞላ ዘጋሁት።

ባለፈው ክረምት ከተዘጋው ጥቆማ ሥር ልጃቸው ጻፈች፤ ጉንደ ወይን ነው የምትኖረው። አባቷ ማረፋቸውን ገልጻ፣ የሚያናግራት ሰው ትጠይቃለች። ስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ ደወልሁ።

«አንቺ ነሽ የዘጋሽው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን። እኔ ሲዘጋ የማውቀው ሱቅ ነው፣ እታለም። ዕቃው ውስጥ አለ ወይስ ተጥሏል? ስልካቸው ተበላሽቷል፤ በራሳቸው እጅ የጻፉት የቀረኝ እሱ ነው።»

«አለ። አልጠፋም።»

«ምላሽ አልሰጡም ያልሽውስ? በዚያ በደከመ ዓይናቸው ሁለት ቀን ሙሉ ሲጽፉልሽ አጠገባቸው ነበርኩ እኮ።»

«እንደገና አነበዋለሁ» አልኋት።

ስንጨርስ መልእክቱን ከሰላምታው ጀምሬ አነበብሁት። ከምርቃቱ በታች፣ ዓይኔ ባልደረሰበት ቦታ፣ «እንዲደገም ካስፈለገሽ ግን» ይላል። «በንጉሡ ሠ፣ ሠረቀ ብለሽ ጻፊ። ከታች ያለችውን ረጅሟን ቁልፍ ንኪ። ፀሐይ ብለሽ ቀጥይ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ እዪው።» ለተማሪ እንደሚነገር፣ ቀስ ተብሎ።

እንዳሉት አደረግሁ። የጎደለ መረጃ አልነበረም። ረጅሟን ቁልፍ ስነካ ንጉሡ ሠ ዓይኔ እያየ እሳቱ ሰ ሆነ።

ጥቆማውን መልሼ ከፈትሁት። ልጆቹ እርምጃዎቹን አንብበው በሦስተኛው ቀን አስተካከሉት። አሁን ፀሐይ እንደ ወጣች ትቀራለች። መዝጋት ግን አልቻልሁም፤ ጠቋሚው ሳያረጋግጥ አይዘጋም የሚለውን ደንብ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ከእሳቸው ጽሑፍ ሥር «ምላሽ ስላልተሰጠ ተዘግቷል» የሚለው የእኔ ዓረፍተ ነገር አለ። እሱንም አላጠፋሁትም።