በዝምታ የሚቆረጥ ቅጠል

አክስቴ ለቁስል የሚሆን ቅጠል ሊቆርጡ በማለዳ ሲወጡ ሰው አያናግሩም ነበር። ቆርጠው እስኪመለሱ አንዲት ቃል ካመለጠቻቸው መድኃኒቱ ኃይሉን ያጣል ብለው ስለሚያምኑ፣ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው በማግስቱ እንደገና ይወጣሉ። በመንደራችን በኦቾሎ ይህን የማያከብር አልነበረም፤ ከእኔ በቀር።

የስኳር በሽታዬ እግሬን ያቆሰለኝ ስልሳ ያለፈኝ ጎረምሳ ሆኜ ነው። አርባ ምንጭ እየወረድኩ ብታከምም፣ አክስቴ የቅጠላቸውን ጭማቂ ካልጨመሩበት አላምንም አሉ። በደጄ ሲያልፉ፣

«እሜቴ፣ በማለዳ ባል ፍለጋ ነው?» አልኳቸው።

ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንተ ቀልማዳ! የምሄደው ለአንተው እግር እኮ ነው!» ብለው ተመለሱ።

በማግስቱም ደገምኩት፤ አሁንም ሳቁ፣ አሁንም ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በደጄ ማለፍ ተዉ። ጭማቂው ግን በልጃቸው እጅ ይመጣልኝ ነበር፤ ቁስሉም ቀስ እያለ ደረቀ።

አክስቴ ያረፉ ጊዜ፣ ለቅሶው ላይ ልጃቸው አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እማዬ እኮ በገደሉ በኩል ዞራ ነበር የምትሄደው። ጉልበቷን እያመማት። ‹ካየኝ ያስቀኛል፣ ከሳቅኩ እግሩ አይድንም› ትል ነበር።»

እኔ ያን ሰሞን ቅጠሉን የምትቆርጠው ልጃቸው መስላኝ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ «አክስቴ አርጅተው ሰነፉ፣ እኔንም ረሱኝ» እያልኩ አማቸው ነበር። የሰሙኝ ጎረቤቶች ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

አሁን በማለዳ በደጄ የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይለኛል፤ ዝም የሚለኝ አጣሁ።

ያን ሐሜት ከአፌ የሰማችሁ ሁሉ እወቁልኝ፦ አክስቴ አልሰነፉም ነበር።