እትዬ አስካለ ወደ መምህሬ እየዞሩብኝ ፈተና መውደቄ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ገብሬ፣ ለእናቴ ለወይዘሮ የሺ፣ ለወንድሜ ለደምሴ፣ ለእህቴ ለብርቄ፤ እንደምን ሰነበታችሁልኝ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዛሬው ንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ዛሬ የፎቶግራፍ መብራት ፈተና ወደቅሁ!

እዚህ ጉለሌ በምማርበት ፎቶ ቤት የታዘዝነው የሰውን ፊት ግማሹን በብርሃን፣ ግማሹን በጥላ አድርገን እንድናነሳ ነበር። ለእኔ የተቀመጡልኝ ለብሔራዊ ውትድርና ለሄደው ልጃቸው ፎቶ ሊልኩ ከቁስቋም የመጡት እትዬ አስካለ ናቸው።

መብራቱን በግራቸው አቁሜ ላነሳ ስል፣ በቀኝ የቆሙት መምህራችን ጋሽ ወርቁ "ጨረስክ?" አሉኝ። እትዬ ወዲያው ወደ እሳቸው ዞሩ።

"እትዬ፣ እባክዎ አይዙሩ።"

"ምነው ልጄ! ትልቅ ሰው እየተናገረ ፊቴን ላዙርበት?"

ጋሽ ወርቁ ደግሞ ዝም ብለው መፈተን አያውቁም። በተናገሩ ቁጥር እትዬ ይዞራሉ፤ አንዴማ ብድግ ሊሉ ቃጣቸው።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ብርሃኑ ጆሯቸው ላይ ብቻ አርፏል።

"ጆሮ አንሳ አልኩህ?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"አይቆጡት፤ ልጄ በጆሮዬም ያውቀኛል" ብለው እትዬ አማለዱኝ።

በሚመጣው ሳምንት እትዬን እንደገና አነሳለሁ፤ ያን ጊዜ ከወደቅሁ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ጋሽ ወርቁ ከካሜራው ኋላ ቢቆሙ እትዬ ቀጥ ብለው ያያሉ።

ነገር ግን መምህርን "እዚህ ይቁሙ" ብሎ ማዘዝ እንዴት ይቻላል? ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ጭንቅ የገጠመው ካለ፣ ምን ብሎ እንደተናገረ ይህን ደብዳቤ ባደረሰላችሁ ሰው እጅ ቶሎ ጽፎ ይላክልኝ።