የሰሚራ አማርኛ

አፌ ብዙ ነገር ያወጣል። ዲላ ውስጥ ስለ ራሴ ያላወራሁለት ሰው ጥቂት ነው። ይህ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጥርሴ አላለፈም። ባለቤቴ አታውቀውም፣ ፓስተራችን አያውቁትም፣ ልጆቼም አልሰሙትም። ዛሬ ለእናንተ፣ ፊታችሁን ለማላየው፣ እናገራለሁ። ፊታችሁን ባየው ኖሮ እንደ ልማዴ አሳምሬ እለውጠው ነበር።

ታፈሰ እባላለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የጤና ጣቢያ ወለል ለመጥረግ ተቀጥሬ፣ በዓይኔ ብቻ ተምሬ፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ድሬሰር ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛ የተማርሁት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው የታጠፈ ወረቀት ነው። ሌላው ሲጥለው እኔ አንሥቼ አነብ ነበር። በዚህ ከተማ እኔ ያልወጋሁት ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ታሞ አያውቅም። በዚህ እኮራለሁ። አሁንም እኮራለሁ፤ እየተናዘዙ መዋሸት ደግሞ ሌላ ኃጢአት ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ዶክተር ዋናው መንገድ ዳር የግል ክሊኒክ ከፈተና ፈልጎ ወሰደኝ። ሥራዬ ታካሚ መቀበልና ማስተርጎም ነበር። ከገጠር የሚመጣው ብዙው ሰው ከጌዴኦኛ ሌላ አይናገርም። ለዶክተሩ አምስት ቋንቋ እችላለሁ ብየዋለሁ። መድኃኒት የምትሸጠዋ ልጅ ባለፍሁ ቁጥር፣ "ጋሽ ታፈሰ፣ አምስት ቋንቋ በአንድ አፍ፣ እንዴት አይጋጩም?" ትለኝ ነበር። እኔም፣ "ወረፋ ይጠብቃሉ" እላታለሁ። ያስቃል አይደል? ያን ጊዜ እኔንም ያስቀኝ ነበር።

ሰሚራ የመጣችው ሱዳን በጦርነት ከታመሰች በኋላ ነው። ካርቱም ተወልዳ፣ ካርቱም ነርስነት ተምራ፣ ካርቱም ሆስፒታል የሠራች ልጅ ናት። አጎቷ ከድር እዚህ ዲላ ሱቅ ስለነበረው ወደ እሱ ሸሽታ መጣች። የትምህርት ማስረጃዋ እዚያው ቀርቷል፤ ያስተማራት ትምህርት ቤት ራሱ መኖሩን የሚያውቅ የለም። ዶክተሩ ለሙከራ ተቀበላት። በደንብ ከሠራች ለጤና ቢሮ ይመሰክርላታል፤ ቢሮው ደግሞ በእሱ ምስክርነት ፈተና ያስቀምጣታል ተባለ። ከዚያ ሌላ በር አልነበራትም።

የመጀመሪያው ቀን ዶክተሩ ጠራኝና፣ "ይቺን ልጅ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። ሥራውን ታውቃለች፣ አገሩን ያሳዩዋት" አለኝ።

አሳየኋት። ሰው ልቤን አመመኝ ካለ ሆዱን ማለቱ ሊሆን እንደሚችል ነገርኋት። ሚስት ዝም ብላ ባል ብቻ ከተናገረ ባልን በዘዴ ወደ ካርድ ክፍል መላክ እንደሚገባ ነገርኋት። ቡና በሚለቀምበት ወር የጌዴኦ ገበሬ እንደማይታመም፣ ቢታመምም ቡናው እስኪገባ ደብቆ እንደሚይዘው፣ ስለዚህ በዚያ ወር ተሸክመው ያመጡትን ሰው ቀላል ነው ብላ እንዳታሳልፍ አስጠነቀቅኋት። የሚጠቅም ምክር ነበር። ማን ይነግራት ነበር፣ እኔ ባልኖር?

አማርኛ ከእናቷ ተምራለች፤ ፊደል ግን አታነብም። የታካሚውን ስም እኔ እጽፍላት ነበር። አንተና አንቱ ይቀላቀሉባት ነበር። አንዴ "ጋሼ ና" ብላ ወዲያው "ጋሼ ይምጡ" አለችኝና፣ "ልምጣ ወይስ ልምጡ?" አልኋት። "ወላሂ ሁለታችሁም ኑ" አለችና ሳቀች። እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች። እጇን ሳትታጠብ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው አትሻገርም። እኔን ደግሞ በሰው ፊት አንድ ቀን አላረመችኝም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ዙሪያውን መዞሬን እናንተም አይታችኋል።

የቡና ወር ነበር። በራሶ የሚባል ከወናጎ ገጠር የመጣ ገበሬ ሚስቱን ወይዘሮ አስናቀችን በሞተር ይዞ መጣ። ቡና ስትለቅም እንጨት ወግቷት፣ ቁስሉን ደብቃ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ቀልቶ አብጧል። ዶክተሩ አይቷት የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘና ለምሳ ወጣ። በራሶም ነዳጅ ሊቀዳ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ እኔ፣ ሰሚራና ሴትየዋ ቀረን።

ሰሚራ መርፌውን አዘጋጅታ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ ጠይቃት እስቲ። ከዚህ በፊት ተወግታም ሆነ መድኃኒት ውጣ፣ ሰውነቷ እምቢ ያለው ነገር አለ? ያሳከካት፣ ፊቷን ያሳበጣት?"

ይህን ያለችው በጥሩ አማርኛ ነው። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ወደ ሴትየዋ ዞሬ በጌዴኦኛ ተናገርሁ። ምን አልኋት? ዘንድሮ ቡናው ዋጋ አገኘ ወይ አልኋት። በሕመሟ መካከል ፈገግ ብላ ራሷን ወዘወዘች።

"የለም ትላለች" አልሁ።

አልጠየቅሁም። ሰሚራ አይታለች፤ ሽማግሌው ሲናገር አይታለች፣ ሴትየዋ ራሷን ስትወዘውዝ አይታለች። ዓይኗን ትጠርጥር? ወጋቻት።

ለምን አልጠየቅሁም? ለራሴ ለብዙ ጊዜ የነገርሁት፣ ቸኩዬ ነው የሚል ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠይቅ ስወጋ የኖርሁ ነኝ፤ ጥያቄው የልጅ ፍርሃት መሰለኝ እል ነበር። ይህም ውሸት ነው። ያቺ የታጠፈች ወረቀት እኮ በሁሉም ካርቶን ውስጥ አለች፤ ከመስጠትህ በፊት ጠይቅ ትላለች፤ ስንት ጊዜ አንብቤያታለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። እውነቱ በጌዴኦኛ እንዴት እንደሚጠየቅ አለማወቄ ነው። የእኔ ጌዴኦኛ የገበያ ጌዴኦኛ ነው። ሰላምታ አውቃለሁ፣ ዋጋ አውቃለሁ፣ የት ያምሻል ማለት አውቃለሁ። ሰውነትሽ እምቢ ያለው መድኃኒት አለ ወይ ማለት ግን ከአፌ አልመጣ አለኝ። ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ግማሾቹ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራሉ። በሩን ከፍቼ፣ "አንድ ሰው ግቡልኝ፣ ይህችን ጥያቄ አላወቅኋትም" ማለት ምን ነበረበት? አላወቅሁም የሚለውን ቃል በአምስቱም ቋንቋ አልቻልሁትም።

ብዙም አልቆየ። የሴትየዋ ከንፈር አበጠ። ከዚያ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። እኔ ጥጥ ይዤ ቆሜያለሁ። የወጋሁት ሰው ከተማ የሚሞላ እኔ፣ ጥጥ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰሚራ ለራሷ በዐረብኛ እየተናገረች ሴትየዋን በጀርባዋ አስተኛቻት፣ እግሯን ከፍ አደረገችው፣ አድሬናሊን ቀድታ ጭኗ ላይ ወጋቻት፣ ኦክስጅኑን ጎትታ አመጣች። "ጋሼ፣ እጇን ያዝ፣ አናግራት፣ አትፍሪ በላት" አለችኝ። አትፍሪ ማለት በጌዴኦኛ አውቃለሁ። እሱን ደጋግሜ አልሁ። ማንን አትፍራ እንደምል እግዚአብሔር ያውቃል።

ወይዘሮ አስናቀች ተረፈች። ያተረፈቻት ሰሚራ ናት።

በዚያው ከሰዓት በራሶ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ዶክተሩ ቢሮ ገባ። እኔና ሰሚራም ተጠራን።

"ጨለለቅቱ ከተማ እኅቷ ጋ ሄዳ ተወግታ ፊቷ እንዲህ አብጦ ነበር" አለ በራሶ በአማርኛ። "ቢጠይቁን እንነግር ነበር። ማን ጠየቀን?"

"ሰሚራ፣ አልጠየቅሽም?" አለ ዶክተሩ።

"ወላሂ ጠይቄያለሁ። ጋሼ አስተርጉመውልኛል።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወይዘሮ አስናቀች በወዲያኛው ክፍል ተኝታለች። ብትጠየቅ፣ ሽማግሌው ስለ ቡና ነው የጠየቀኝ ትል ነበር። እሷን መጠየቅ ግን ማንም አላሰበም፤ ዶክተሩ ቢያስብ እንኳ የሚያስጠይቀው በእኔ ነበር።

"ጋሽ ታፈሰ?" አለ።

"ጠይቃኛለች" አልሁ። "ግን አማርኛዋ ከዐረብኛ ይደባለቃል። እኔ የመሰለኝ ዛሬ ሌላ መድኃኒት ወስዳለች ወይ ያለች ነው። እሱን ጠየቅሁ። የለም አለች።"

እንዲህ አልሁ። በረጋ ድምፅ፣ እንደ አዋቂ። አለመጠየቄን የድካም ነው በሉት፣ የኩራት ነው በሉት። ይህኛውን ግን ምን ትሉታላችሁ? የራሴን ጉድለት አንሥቼ ምላሷ ላይ አስቀመጥሁት። ከአገሯ ይዛው የመጣችው አንድ ነገር ያ የእናቷ አማርኛ ነበር። እሱን ነጠቅኋት።

ሰሚራ ዞራ አየችኝ። ትጮኽብኛለች፣ ይህ ሽማግሌ ይዋሻል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትል ኖሮ እታመን ነበር ወይስ ትታመን ነበር? አላውቅም። እሷ ግን አንገቷን ደፋች።

"መዓሌሽ ጋሼ" አለች፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። "አማርኛዬ ነው።"

አመነችኝ። ከራሷ ጆሮ ይልቅ እኔን አመነች። አገሩን እንዳሳያት የተሰጠኋት ሰው አይደለሁም?

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። "እጅሽ ጥሩ ነው። ሴትየዋን ያተረፈ እጅሽ ነው" አላት። "ግን መግባባት በሌለበት መርፌ ላስይዝሽ አልችልም። ልመሰክርልሽም አልችልም።" እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። በዚያች ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። በማግስቱም ይበቃ ነበር። በሳምንቱም። ነጭ ጋውኗን አጥፋ በፌስታል ይዛ ስትወጣ፣ "አይዞሽ" አልኋት። ይህንም አልሁ።

ከወራት በኋላ ከድር ሱቅ ሄድሁ። ልናገር ነው የሄድሁት፤ እመኑኝ፣ ካላመናችሁኝም አልፈርድባችሁም። ከድር ከባንኮኒው ወጥቶ ተቀበለኝ።

"አባባ ታፈሰ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ። ሰሚራ እኮ ዐረብ አገር ሄደች። ቤት ሠራተኛ ሆና።"

"ነርስነቱስ?" አልሁ።

"እሱን ተዉት። መርፌ ስታይ እጇ ይንቀጠቀጣል። አሁን የሰው አሮጊት ታጥባለች።" ከዚያ እጄን ያዘ። "እርስዎን ግን አትረሳም። በእኔ አማርኛ ሰው ልትሞት ነበር፣ ጋሼ ግን አንድ ቀን አልተቆጡኝም ትላለች። ዱዓ ታደርግልዎታለች።"

አፌን ከፈትሁ። ከድር የጀመርሁትን ምስጋና መሰለውና፣ "ምንም አይበሉ" ብሎ ስኳር መዘነልኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ። ስኳሩን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ታደለች፣ "ይህ ከየት ነው?" አለችኝ። "ሰው አክብሮኝ ነው" አልሁ።

በዚያ ስኳር ሻይ ጠጥተናል።

ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ ክሊኒኩን ዘግቶ ሄዷል። ከድርም ሱቁን አስረክቦ ከነቤተሰቡ ወጣ፤ አዲሱ ባለ ሱቅ የት እንደሄዱ አያውቅም። የዘጋኋቸው በሮች ሁሉ ለእኔም ተዘጉ። አሁን ብናገር የሚመሰክርላት ማን ነው? ማን ፈተና ያስቀምጣታል? የእጇን መንቀጥቀጥ ከዚህ ሆኜ በምን ላቁመው?

ታደለች የጌዴኦ ልጅ ናት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር በቤታችን የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ቋንቋዋን አስተምሪኝ ብያት አላውቅም፤ ተማሪዋ መሆን አልፈለግሁም። ባለፈው ሰሞን እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ተቀመጥሁና ያቺን ጥያቄ በጌዴኦኛ እንዴት እንደምትጠየቅ ጠየቅኋት። ቀና አላለችም።

"ምነው አንተ፣ ጌዴኦኛ ሞልቶኛል ስትል አልነበር?"

"ንገሪኝ እስቲ።"

"ለማን ነው?"

"ላለፈ ነገር ነው።"

"ላለፈ ነገር ቋንቋ ምን ያደርጋል?" አለች። ግን ነገረችኝ። አጭር ነበረች። ምግብ ሲጠላ፣ ጥጃ ጡት እምቢ ሲል፣ በየገበያው የሚባሉ ቃላት ናቸው። አንዱም አዲስ አልነበረም። ሁሉንም አውቃቸው ነበር፤ ለመገጣጠም ትንሽ መንተባተብ ብቻ ነበር የሚፈልገው። መንተባተብን ለሌላ ሰው ተውሁት።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። የበደልሁት እናንተን አይደለም። እሷ ደግሞ ይህን የጻፍሁበትን ፊደል አታነብም። ምናልባት ከእናንተ አንዱ በዚያ በዐረብ አገር ሰሚራ የምትባል፣ ካርቱም ያደገች፣ የሰው አሮጊት የምታጥብ ልጅ ቢያገኝ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ያንብብላት። ቃል አይቀይርላት፣ አያቅልላት።

አማርኛዋ ጥሩ ነው። ሁሉንም ትሰማለች።