የተሳፋሪ ዓይን

ሂሻም የጣና ሰው ነው። አባቱ ሱሌማን ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው ያመላልሳል። በሚያዝያ ሐሩር ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ እሱ በሁለት ካናቴራ ላይ ወፍራም ጃኬት ደርቦ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሞተሩን ይይዛል። ክንዱ ቀጭን ነው። ልጅ ሳለ «ሸምበቆው» ይሉት ነበር። ቅጽል ስሙ ከተረሳ ቆየ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። ተሳፋሪ በሳቀ ቁጥር በእሱ የተሳቀ ይመስለዋል።

ጂም ገባ፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም። በኋላ አንድ ጓደኛው ከዩኒቨርሲቲው፣ ከፔዳ ግቢ ያመጣለትን የማወፈሪያ ኪኒን መዋጥ ጀመረ። ፊቱ አበጠ፤ ክንዱ ያው ነው። አንድ ቀን ጀልባዋን ሲያስር ልቡ ይደልቅ ጀመር፣ መቆም አቅቶትም ዳርቻው ላይ ተቀመጠ። እናቱ መዲና ተጠርተው መጥተው፣ ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ሐኪሙ ኪኒኑን ቀስ በቀስ አስተወውና ወደ አእምሮ ጤና ነርሷ፣ ወደ ሲስተር ሸጊቱ ላከው።

«አብጃለሁ እንዴ?» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«ለመጨነቅ ማበድ አያስፈልግም። ተቀመጥ።»

መጀመሪያ ሰሞን ወለሉን እያየ ነበር የሚያወራው። እሳቸውም «ቆንጆ ነህ» ብለው አላባበሉትም።

«ጃኬቱን ብታወልቅ ምን ይመጣል?»

«ይስቁብኛል። ሌላ ጀልባ ይመርጣሉ።»

«አይተሃል ወይስ ገምተሃል?»

የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ።

ከብዙ ቀጠሮ በኋላ አንድ ጉዞ ያለ ጃኬት ሊሄድ ተስማማ። በዚያ ቀን ጠዋት ጃኬቱን አውልቆ መቀመጫው ሥር ወሸቀው። የሰው ዓይን ሁሉ ክንዱ ላይ የተተከለ መሰለው። እንደ ተመከረው ግን ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። አንዲት መነኩሲት ማዕበሉን ፈርተው መቁጠሪያቸውን ጨብጠዋል። አንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አንድ ጎረምሳ ግን በእርግጥ አየውና ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አደረገው፤ ተሳሳቁ። የሂሻም እጅ ወደ መቀመጫው ሥር ሄደ። ከዚያ መለሰና ሞተሩን ያዘ።

«ሳቁብኝ» አላቸው ለሲስተር ሸጊቱ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ዘጌ ደረስሁ፣ ወረዱ። ሌላ ሰው ጫንሁ።» ይህን ሲናገር እሱንም ገረመው።

አሁንም ሳቅ ሲሰማ ዞር ብሎ ያያል፤ መስታወት ፊትም ብዙ አይቆምም። በቀጠሮው ቀን ግን ጀልባዋን ለአጎቱ ልጅ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ወዴት ነው ቢሉትም አይደብቅም።